«በስንት ጂቢ ይሁንልህ?»

በ1988 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀረጸውን የአክስቴን የሠርግ ካሴት ወደ ፋይል ለማስገልበጥ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ሱቅ ስወስድ፣ ካሴቱን የተቀበለኝ ወጣት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በስንት ጂቢ ይሁንልህ?» ከባንኮኒው ጀርባ የቪዲዮ ዴኮች ተደራርበው ይሠራሉ፤ ወረፋ የሚጠብቁ ካሴቶች የባለቤቶቻቸው ስም በወረቀት ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። አብዛኛው ደንበኛ የሚፈልገው ቪዲዮውን በፍላሽ አድርጎ ቴሌቪዥን ላይ ማየት ስለሆነ፣ ፍላሹ ስንት እንደሚይዝ ማወቅ ለሠራተኛው በቂው ነው። የእኔን የ180 ደቂቃ ካሴትም እንደ ልማዳቸው 1 ጂቢ በሆነ ፋይል አድርገው አስረከቡኝ።

ጥያቄው ግን ከሱቁ ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም። የፋይል መጠን የሚገኘው በቀላል ስሌት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበው የቢት (የዲጂታል መረጃ ትንሹ አሃድ) ብዛት፣ ማለትም ቢትሬቱ፣ በቪዲዮው ርዝመት ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል መጠኑ በባይት ይወጣል። 1 ጂቢ ለ180 ደቂቃ ሲከፋፈል በአማካይ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 740 ኪሎቢት ገደማ ነው፤ ከዚያችው ላይ ደግሞ ድምፁ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ ከበሮው ሲጋጋል፣ ዳሱ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ሲጨፍር፣ ሁሉም ከዚህች በጀት መካፈል አለበት። በጀቱን የወሰነው ማን ነው ብዬ ሳስብ፣ ካሴቱን ያየ ሰው እንዳልሆነ ገባኝ። የወሰነው ፍላሹ ነው።

«ትከሻዬን አስረውታል»

ፋይሉን ለቤተሰቡ ያሳየሁት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ በዘመኗ በእስክስታዋ የምትታወቅ ሴት ነበረች፤ በእህቷ ሠርግ ላይ ዳሱ ውስጥ ከፊቷ የቆመውን ሁሉ እየጣለች ስትጨፍር የሚያሳየው ክፍል በቤታችን ብዙ የተወራለት ነው። ዴካችን ከተበላሸ ወዲህ ግን ማንም አላየውም። ክፍሉ ሲደርስ ሁሉም ዝም ብሎ ተመለከተ፤ እናቴም ጥቂት አየችና፣ «ይሄማ እኔ አይደለሁም። ትከሻዬን አስረውታል» አለች።

ሌሎቹ እርጅና የወለደው ቅሬታ አድርገው ወሰዱት። «እማዬ፣ ያኔም እንዲሁ ነበርሽ፤ ትዝታ ሆኖብሽ ነው» አላት ወንድሜ። እሷ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ትከሻዋን አንዴ ሰበቀችው። በዚያች አንዲት ቅጽበታዊ ስበቃ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የሌለ ነገር ነበር፤ ትከሻው ወደ ላይ ሲነጠቅ የሚቆምበት ጠርዝ፣ ከዚያም ወደ ታች ሲወርድ የሚሰበርበት ፍጥነት። ስክሪኑ ላይ የነበረችው ወጣት ግን እንደ ጭጋግ ነገር ከትከሻዋ እየወጣባት ትንሳፈፍ ነበር። እናቴ የተናገረችው ስለ ትዝታዋ አልነበረም። ዓይኗ የያዘው እውነተኛ ጉድለት ነው።

ማታ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ያንን ክፍል ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች አንድ በአንድ እያስኬድኩ አየሁት። በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ እናቴ አራት ትከሻ ነበራት። ሁለቱ ከፍ ብለው፣ ሁለቱ ዝቅ ብለው፣ አንዱ ጥንድ በሌላው ላይ በስሱ ተደርቦ ይታያል። የአንገቷ ድሪም እንዲሁ ሁለት ሆኗል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጸጥ ስትል ግን ምስሉ ጥርት ይላል፤ አራቱ ትከሻዎችም ተመልሰው ሁለት ይሆናሉ። ይህ የካሴቱ እርጅና ሊሆን አይችልም፤ ያረጀ ካሴት የሚንቀሳቀሰውን ከቆመው ለይቶ አያበላሽም።

የጠፋው ግማሽ

በእኛ አገር የሠርግ ካሴቶች የተቀረጹበት ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም እንዳለው ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ግን እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች የተነሡ ሁለት ግማሾች ድምር መሆኑ ነው። ከሚታዩት 576 መስመሮች ውስጥ ጎዶሎዎቹ በአንዱ ቅጽበት፣ ሙሉዎቹ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ይቀረጻሉ። እነዚህ ግማሾች ፊልድ ይባላሉ። ስለዚህ ካሜራው ዳሱ ውስጥ በየሰከንዱ የያዘው 50 የእንቅስቃሴ ቅጽበቶችን ነው፤ የድሮው ባለ ከባድ ጀርባ ቴሌቪዥንም ሃምሳውንም እየተከተለ ያሳይ ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ሙሉ ፍሬም ስለሚፈልግ፣ ግማሾቹን ወደ ሙሉ መለወጥ ግድ ይላል። ይህ ሥራ ዲኢንተርሌስ ይባላል፤ የሚሠራባቸው መንገዶችም እኩል አይደሉም።

በሱቁ ፋይል ላይ የሆነው ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ አቀላቅሎ 25 ፍሬም ማውጣት ነው። ፋይሉ ያንሳል፣ ቆሞ ለሚናገር ሽማግሌም ጉዳት የለውም። እስክስታ ግን ከሰከንድ ስባሪ ውስጥ ወጥቶ የሚገባ እንቅስቃሴ ነው፤ ትከሻው ላይ ሲነጠቅ የተነሣው ፊልድና ታች ሲወርድ የተነሣው ፊልድ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ ውዝዋዜው ወደ ጥላነት ይለወጣል። እናቴ «አስረውታል» ያለችው ይህንን ነው፤ ከእርሷ የተሻለ ገለጻ በየትኛውም የሶፍትዌር መመሪያ አላነበብኩም።

ከዘመድ ቤት በደህና የሚሠራ ዴክ ተውሼ ካሴቱን በዩኤስቢ መቅጃ ራሴ ገለበጥኩት፤ በዚህ ጊዜ ምንም ነገር እንዳይጣል ኤፍኤፍቪ1 በሚባለው ኮዴክ (ቪዲዮ የሚታመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ) ነው የቀዳሁት። ይህ ኮዴክ መረጃ ሳይጥል የሚያምቅ ሲሆን፣ እንደ ኦስትሪያው ሜዲያቴክ ያሉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ለረጅም ጊዜ ማከማቻ የመረጡት ነው። ባለ 720 በ576 ምስል ምንም ሳይታመቅ ቢቀመጥ ለአንድ ሰዓት 75 ጂቢ ገደማ ይፈልጋል፤ ኤፍኤፍቪ1 እንደ ካሴቱ ሁኔታ ይህን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ለሦስት ሰዓት ሠርግ ከ100 ጂቢ በላይ ሃርድ ዲስክ መስጠት በእኛ ገበያ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ይህን ለማለት የሃርድ ዲስክ ዋጋ መጠየቅ ይበቃል። ነገር ግን የተጣለ ቢት በኋላ በምንም ቅንብር አይመለስም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። የሱቁን ባለ 1 ጂቢ ፋይል በ10 ጂቢ መልሶ ኤክስፖርት ማድረግ ያንኑ ጭጋግ አሥር እጥፍ በሆነ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከዋናው ቅጂ ላይ የሚታየውን ፋይል ለማውጣት ሃንድብሬክ የሚባለውን የቪዲዮ መለወጫ ሶፍትዌር ተጠቀምኩ፤ ነጻ ስለሆነና በእኛ የኢንተርኔት ፍጥነትም በቀላሉ የሚወርድ ስለሆነ ነው። በማጣሪያዎቹ ክፍል ውስጥ ዲኢንተርሌስ የሚለው ላይ ብዊዲፍ የሚባለውን ዘዴ መርጦ ቅንብሩን «ቦብ» ላይ ማድረግ፣ እያንዳንዱን ፊልድ ወደ ራሱ ሙሉ ፍሬም ይለውጠዋል፤ የፍሬም ብዛቱም 50 ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ የፊልዶቹን ቅደም ተከተል ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዲጂታል ሚኒ ዲቪ ካሴት የመጣ ቪዲዮ የታችኛው ፊልድ ይቀድመዋል፤ ብዙዎቹ የአናሎግ መቅጃዎች ደግሞ የላይኛውን ያስቀድማሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጨፋሪው ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ሄዶ አንድ የሚመለስ ይመስላል፤ አንዴ ያየው ሰው አይስተውም።

የወጣውን ፋይል ፍሬም በፍሬም ሳየው ትከሻው ከፍ ብሏል፣ ቀጥሎ መሃል ላይ ነው፣ ቀጥሎ ታች ነው። በእያንዳንዱ ላይ እናቴ አንዲት ሴት ናት።

ከመጠን ይልቅ ጥራትን መወሰን

የሱቁን ጥያቄ በደንብ የመለሰልኝ የሲአርኤፍ ቅንብር ነው። ቪዲዮን ኤች 264 በሚባለው ኮዴክ የሚያምቀው ሶፍትዌር፣ ማለትም አማቂው፣ ኤክስ 264 ይባላል፤ ሲአርኤፍ በእሱ ውስጥ ከ0 እስከ 51 የሚሄድ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል፣ ካልነኩትም 23 ላይ ይቀመጣል። ይህን ቁጥር የሚመርጥ ሰው አማቂውን የሚለው «ይህን ያህል ጥራት ጠብቅልኝ፤ የሚያስፈልግህን ያህል ቢት ውሰድ» ነው። ቁጥሩ በ6 ሲቀንስ የፋይሉ መጠን በግምት እጥፍ ይሆናል። ለሠርጉ 18 አካባቢ ተጠቀምኩ። የጭፈራው ክፍል ከምርቃቱ ክፍል በደቂቃ ከእጥፍ በላይ ቦታ ወሰደ፤ መውሰድም ይገባዋል፤ ብዙ ነገር የሚሆነው እዚያ ነውና። 50 ፍሬም ማድረጉም ፋይሉን እንደሚፈራው እጥፍ አያደርገውም፤ ተከታታይ ፍሬሞች በጣም ስለሚቀራረቡ አማቂው ልዩነታቸውን ብቻ ነው የሚጽፈው።

ስለ ኮዴክ ምርጫ ብዙ ክርክር አለ፤ እኔ ብዙም አልዘገይበትም። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤች 264 በየዘመዱ ቤት ያለ ፍላሽ የሚቀበል አሮጌ ቴሌቪዥን አብዛኛው ያጫውተዋል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች 265 በተመሳሳይ ጥራት ያነሰ ፋይል ቢሰጥም ከእነዚህ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ አይከፍቱትም። አጎቴ ፍላሹን ሰክተው «አይሠራም» ካሉ፣ የተቆጠበው ቦታ ምን ይረባቸዋል?

ፍጥነትን በሚመለከት ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። አማቂው «በጣም ፈጣን» ከሚለው ጀምሮ «በጣም ዝግተኛ» እስከሚለው የሚደርሱ ደረጃዎች አሉት። ዝግተኛው ደረጃ ፍሬሞቹን ደጋግሞ ያወዳድራል፤ እንቅስቃሴው ከየት ወደ የት እንደሄደ በጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ከአንዱ ቢት ብዙ ያተርፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ካሴት የሚያወጣ ሱቅ ፈጣኑን መምረጡ የሚገባ ነው፤ ቤቱ ያለ ሰው ግን ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ቢተወው የሚያጣው ነገር የለም። ይህ ካሴት አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው።

በዳሱ ጥግ የተቀመጡት

የቪዲዮ አንሺው መብራት ሙሽሮቹ ላይ ነበር። አያቴ ነጠላቸውን ተከናንበው በዳሱ ጥግ፣ መብራቱ በማይደርስበት በኩል ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ሠርግ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ሲንቀሳቀሱ የሚያሳይ ሌላ ምስልም የለንም። በሱቁ ፋይል ላይ አያቴ የነበሩበት ቦታ አራት ማዕዘን የሆኑ ጥቋቁር ቁራጮች ክምር ነው። ፊታቸው እንዳለ የሚታወቀው ነጠላው ትንሽ ስለሚነጣ ብቻ ነው።

አማቂ ሶፍትዌር ቢት ሲያጥረው በመጀመሪያ የሚቀንሰው ዓይን ብዙም አያስተውለውም ብሎ ከገመተው ቦታ ነው፤ ጨለማ ጥግ፣ ደብዛዛ ጀርባ፣ ረቂቅ የጥላ ልዩነት። ለፊልም ይህ ግምት በአብዛኛው ልክ ነው፤ ፊልም ሠሪው ታሪኩን መብራቱ ያለበት ቦታ አስቀምጦታልና። የቤተሰብ ቪዲዮ ግን እንዲህ አይታይም። በቤታችን ሙሽሮቹን የሚያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሙሽሮቹ ዛሬም አሉ፣ በየበዓሉ እንገናኛለን። ሁሉም የሚፈልገው ጠርዙ ላይ ያሉትን ነው፤ በበሩ በኩል ያለፈውን፣ ጠጅ የሚቀዳውን፣ ከኋላ ቆሞ የሚያጨበጭበውን። አማቂው ትርፍ ነው ብሎ የሚጥለውና እኛ የምንፈልገው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይገኛሉ።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ቅንብር አለ። በኤክስ 264 ተጨማሪ ትእዛዞች መጻፊያ ሳጥን ውስጥ «ኤኪው ሞድ» የሚባለውን 3 ማድረግ፣ አማቂው ለጨለማ ክፍሎች ከወትሮው የበለጠ ቢት እንዲመድብ ያደርገዋል። ፋይሉ ጥቂት ያድጋል። በእኔ ፋይል ላይ የአያቴ ፊት ሙሉ በሙሉ ጥርት አለ ማለት አልችልም፤ ካሴቱ ራሱ የያዘው ያን ያህል አይደለም። ነገር ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲስቁ ይታያል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የ«ማጽዳት» ጉዳይ ነው። የካሴት ምስል በተፈጥሮው የሚርመሰመስ ነጠብጣብ አለው፤ ይህ ነጠብጣብ በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ አማቂው እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሮት ብዙ ቢት ያባክንበታል። ማጣሪያውን በትንሹ መጠቀም ተገቢ ነው። ጠንከር ሲደረግ ግን ነጠብጣቡንና የነጠላውን ጥለት መለየት አይችልም። የማጽጃውን ኃይል ከፍ አድርጌ አንድ ደቂቃ ብቻ ለሙከራ ባወጣሁት ቅጂ ላይ፣ የእናቴ ቀሚስ ጥበብ ወደ አንድ ወጥ አረንጓዴ ጭረት ተለወጠ፤ የአዛውንቶቹ ፊት ደግሞ ሽብሽቡ ጠፍቶ የሰም ምስል መሰለ። ዝቅተኛውን ደረጃ ይዤ የቀረውን ነጠብጣብ ተውኩት።

አሁን አሁን አሮጌ ቪዲዮን ወደ 4ኬ እናሳድጋለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። የቪኤችኤስ ካሴት በአግድም የሚለየው ዝርዝር 240 መስመር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታየው ሁሉ ከካሴቱ የመጣ አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጨምረው ዓይን፣ ጥርስና የፀጉር ጭረት ከሌሎች ብዙ ሰዎች ፊት የተማረው ግምት ነው። ከዚህ ካሴት ሌላ የሚንቀሳቀስ ምስል ለሌላት አያት የሌላ ሰው ዓይን መስጠት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የእኔ ፋይል 768 በ576 ሆኖ ወጣ፤ ይህም የካሴቱ ምስል በ4 ለ3 ቅርጹ ሳይለጠጥ የሚቀመጥበት ልክ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በግራና በቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ ማንንም ሊያስከፋ አይገባም፤ ለመሙላት ሲባል የተለጠጠ ሠርግ ሁሉንም ሰው አወፍሮ ያሳያል።

ለየሰዉ የየራሱ ቅጂ

ዋናው ቅጂ ከተቀመጠ በኋላ መጠን ወደ ተገቢ ቦታው ይመለሳል፤ ፋይሉን ማን በምን እንደሚያየው ከታወቀ በኋላ የሚወሰን ነገር ይሆናል። ለአጎቴ ቴሌቪዥን የሚሆነው ፍላሽ ብዙ ጊዜ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ነው፤ ይህ ደግሞ 4 ጂቢ የደረሰ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሦስቱን ሰዓት አንድ ላይ እዚያ ውስጥ ለማስገባት ቢትሬቱን በሰከንድ 3 ሜጋቢት አካባቢ ላይ መገደብ ይጠይቅ ነበር፤ ጭፈራውም እንደገና ይታሰር ነበር። ስለዚህ ቪዲዮውን ሠርጉ ራሱ በተከፈለበት ከፈልኩት፤ የጧቱ ሽኝት፣ የዳሱ ግብዣ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ፋይል፣ በራሱ የሲአርኤፍ ቁጥር ወጣ፤ ሁሉም ከ4 ጂቢ በታች ናቸው።

ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ የላክሁት በቴሌግራም ነው። ቪዲዮ ተብሎ ሲላክ መተግበሪያው ከላይ እንደገና ሊያምቀው ይችላል፤ የተደከመበት ጥራት ሁሉ ባልታየ እጅ ይቀነሳል። በፋይልነት ሲላክ ግን እስከ 2 ጂቢ ድረስ እንዳለ ያልፋል። ዋትስአፕም ላይ እንዲሁ በሰነድነት መላክ ይሻላል። ለድምፁ 160 ኪሎቢት ሰጠሁት። ለሦስት ሰዓት 216 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው፤ ድምፅ ከምስል አንጻር በርካሽ ይገዛል። በዝቅተኛ ቢትሬት ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበረው እልልታ ነው፤ ከፍተኛ ድምፆች ስለሚበዙበት የውኃ ፍሳሽ ይመስላል። ያለ እልልታ የሚታይ ሠርግ ደግሞ ምኑን ሠርግ ይባላል?

ፋይሎቹ ባሉበት ማኅደር ውስጥ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ ካሴቱ በየትኛው ዴክ እንደተጫወተ፣ የትኛው ፊልድ እንደሚቀድም፣ ምን ቁጥር እንደተጠቀምኩ ይናገራል። ከዋናው ቅጂ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ አሜሪካ ከሚሄድ ዘመድ ጋር ወደ እህቴ ቤት ሄዷል።

እህቴ በምላሹ የራሷን ካሴት ልካልኛለች፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአገር የወጣው አጎታችን እዚያው አሜሪካ ያስቀረጸው የልጁ ክርስትና ነው። እሱ ደግሞ በኤንቲኤስሲ፣ ማለትም በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ የተቀረጸ ነው። ብዙዎቹ የእኛ አገር ዴኮች ይህን ካሴት ሲያጫውቱ የሚያወጡት ምልክት ፓልም ኤንቲኤስሲም ያልሆነ ድብልቅ ስለሆነ፣ መቅጃው ቀለሙን ሊያጠፋው ወይም ምስሉን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ንጹሕ ኤንቲኤስሲ የሚያወጣ ዴክ እየፈለግሁ ነው። ሲገኝ ፍሬሙን ወደ እኛ 25 አልለውጠውም። በሰከንድ 59.94 ፊልድ ሆኖ የመጣ እንቅስቃሴ 59.94 ፍሬም ሆኖ፣ ምስሉም 640 በ480 ሆኖ ይወጣል፤ እዚያም ከክርስትናው በኋላ የሚጨፈር እስክስታ እንዳለ ነግራኛለች።